ሳንኖርበት ያረጀንበት ሰፈር

ጆሃንስበርግ ያለ ሐበሻ «የት ነው የምትኖረው?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ አንባቢ ያውቃል። «ለጊዜው ቤሪያ ነኝ» ይላል። እኔም ይህንኑ ስል አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ «ለጊዜው» ውስጥ አግብተናል፤ ወልደናል፤ ክርስትና አንስተናል፤ ኒካህ አስረናል፤ ቀብረናልም። እስቲ ይህችን ጋዜጣ ገልጣችሁ የታዘዘውን ምሳ የምትጠብቁ ወገኖች፣ የእናንተን «ለጊዜው» በልባችሁ ቁጠሩት። ለመሆኑ ለጊዜው የሚባለው ስንት ዓመት ነው?

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ቤሪያን ለማሞገስም ለመውቀስም አይደለም። ሰፈሪቱን ራሳችን እንዴት እንደያዝናት ለመናገር ነው። እኛ ወላጆች ቤሪያን እንደ መናኸሪያ ይዘናታል። ሻንጣችን ከአልጋ ሥር ተዘጋጅቶ ይኖራል፤ ሐሳባችን አንድ ጊዜ አገር ቤት፣ አንድ ጊዜ አሜሪካና አውስትራሊያ ነው። ልጆቻችን ግን ሌላ ሰፈር አያውቁም። ለእነሱ ቤሪያ የትውልድ ሰፈር ናት። እኛ መንገደኞች ነን ብለን ዝም ባልን ቁጥር የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ሰፈሪቱን እንወቃት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤሪያ በሂልብሮና በዮቪል መካከል በኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ከመሐል ከተማው በእግር የምትደረስ ሰፈር ናት። ድሮ የሀብታም ቪላዎች ነበሩባት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቪላዎቹ ቦታ ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው ፎቆች ተሠሩ። በእነዚያ ፎቆች ውስጥ ከገቡት ብዙዎቹ ከአውሮፓ በስደት የመጡ፣ ቋንቋውን ገና የሚለማመዱ፣ ርካሽና ለሥራ ቅርብ የሆነ ቤት የሚፈልጉ ወጣት ባለትዳሮች ነበሩ። እንግዲህ በዚህች ሰፈር ሻንጣ ይዘን የደረስን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ አይደለንም።

ልዩነቱ ያኔ በሩ ለነጭ ብቻ የተከፈተ መሆኑ ነው። በ1950 የወጣው የአፓርታይድ የአሰፋፈር ሕግ ቤሪያን ለነጮች መድቧት ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1991 ነው፤ ሕዝቡ ግን ሕጉ እስኪሻር አልጠበቀም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕንዶች፣ ክልሶችና ጥቁሮች በነጭ ስም እየተከራዩ በእነዚህ ፎቆች መኖር ጀመሩ። ስማቸው በውሉ ላይ ስላልነበረ ከፍ ያለ ኪራይ ይጠየቁ ነበር፤ የተበላሸ ነገር አሠራልን ብለው ባለቤቱን ለመክሰስም አይደፍሩም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር አዲስ ሆኖ ተሰማህ? በሰው ስም መከራየት፣ ውል አለመያዝ፣ ፈርቶ ዝም ማለት እኛ የፈጠርነው ሳይሆን ከቀደሙት የወረስነው ዕዳ ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ዝም ብለው አልቀሩም። ተደራጅተው፣ ጠበቃ ይዘው፣ እስከ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገቱ።

የሰፈሪቱ ምልክት የሆነውን ክቡን ፎቅ፣ ፖንቴን፣ የማያውቅ የለም። በ1975 ተሠርቶ ያለቀ፣ 54 ፎቅ ያለው፣ 173 ሜትር ወደ ሰማይ የወጣ ሕንፃ ነው። ለነጭ ባለጸጎች ታስቦ ተሠራ፤ በ1990ዎቹ ባዶው መሐሉ ቆሻሻ ተከምሮበት የወንጀል መነገሪያ ሆነ፤ በኋላ ተጠርጎና ታድሶ ዛሬ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። በሥሩም ከ2012 ጀምሮ ድላላ ንጄ የሚባል የልጆች ማዕከል ተከፍቷል። ስሙ በዙሉኛ «ዝም ብለህ ተጫወት» እንደ ማለት ነው። ሰፈር ወደቀ ተብሎ ተስፋ አይቆረጥበትም፤ የሚያነሣው ነዋሪ ካገኘ ይነሣል።

ወገኖቻችን ቤሪያን የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከጄፒ ገበያ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። (መንገዱ ከ2014 ጀምሮ በራሂማ ሙሳ ስም ተሰይሟል፤ እኛ ግን ዛሬም ጄፒ እንለዋለን።) የታክሲ ወጪ የለም። ኪራዩ ወደ ሰሜን ካሉት ሰፈሮች ጋር አይወዳደርም። ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በዮቪል ያለው ገበያም ቅርብ ነው። ጠዋት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አቤል ሮድን ሞልተው ሲወርዱ ያየ ሰው ይህችን ሰፈር የወንጀል ሰፈር ብቻ አድርጎ ለመናገር ይከብደዋል።

ማታ ደግሞ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟልና እናቶች ሸቀጣቸውን ተሸክመው በደረጃ ይወጣሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮንጎዎቹ ዓሣ ይሸታል፤ አምስተኛው ላይ የእኛ በርበሬ ያስነጥሳል። ውኃ የጠፋ ቀን ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ያን ቀን የሁሉም አገር ሰው እኩል ነው። በእኛ ፎቅ አንዲት የዚምባብዌ አሮጊት አሉ፤ ልጆቹ ሁሉ «ጎጎ» ነው የሚሏቸው፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። ባለቤቴ ከገበያ ካመሸች ልጃችንን አብልተው የሚያስተኙ እሳቸው ናቸው። ቡና ስናፈላ ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሡም። ሰፈር ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ከራሴ ልጀምር።

ልጄ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ዓመት ደረሰ። ለምዝገባ ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ ነው። በዚያን ጊዜ የምንኖረው ሁለት መኝታ ቤት ባለው ፍላት ውስጥ ለሦስት ቤተሰብ ተካፍለን ነበር። ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍሏል። ውሉ የተያዘው በአንድ ወገናችን ስም ነው። በየወሩ መጀመሪያ ኪራዩን ከእጅ ወደ እጅ እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም ቆጥረው ኪሳቸው ይከቱታል፤ በመካከላችን አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለችም።

«ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ መኖሬን የሚገልጽ አንዲት ወረቀት ይጻፉልኝ፤ ለልጅቷ ትምህርት ቤት ነው» አልኳቸው።

«ወንድሜ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ኤጀንቱ አከራይተሃል ብሎ ያባርረኛል። ደግሞስ ሁላችንም እኮ መንገደኞች ነን» አሉኝ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ከእኛ መካከል ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ፣ ድንኳን የሚያስተክሉ ሰው ናቸው። ነገር ግን ፈሩ፤ እኔም እሳቸውን ላለማስቀየም ዝም አልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ተሰልፌ፣ በቃለ መሐላ አድራሻዬን አስመዘገብኩ። በገዛ ቤቴ መኖሬን የመሰከርኩት ለማላውቀው ፖሊስ ምዬ ነው። በዓመቱ ቤቱን ስንለቅ ደግሞ ዲፖዚቱ ቀረ። መክፈሌን የሚያሳይ ምን አለኝና ልጠይቅ?

ያሳፈረኝ የገንዘቡ መጥፋት አይደለም። አገር ቤት ሳለሁ ስለ ሕዝብ መብት ስጽፍ የኖርኩ፣ በዚሁም ምክንያት የተሰደድኩ ሰው ነኝ። ስለ ሌላው መብት ጋዜጣ ሙሉ የጻፍኩ ሰውዬ ለራሴ ቤት አንዲት ደረሰኝ ለመጠየቅ አንደበቴ ተያዘ። በየፍላቱ እንደኔ ያለ ስንት አለ?

ነገሩ በዲፖዚት ቢያልቅ ባልከፋ። ኦገስት 31 ቀን 2023 ሌሊት፣ ከቤሪያ ብዙም ሳይርቅ በማርሻልታውን የሚገኘው ኡሲንዲሶ የተባለ ሕንፃ ተቃጥሎ 76 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው የከተማው አስተዳደር ንብረት ነበር። ውስጡ በእንጨትና በካርቶን ተከፋፍሎ፣ መውጫው ተዘግቶ፣ ሰው እንደ ዕቃ ተጠቅጥቆበት ነበር። ከሞቱት መካከል ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስደተኞችና ሕፃናት ይገኙበታል። አንባቢ ሆይ፣ ማታ ቤትህ ስትገባ ያንን ሳሎን የከፈለውን ኮምፔንሳቶ ደኅና አድርገህ ተመልከተው። ምጣዱና ምድጃው የተሰኩበትን አንድ ሶኬትም ተመልከት። ልጆችህ የሚተኙት ከየትኛው ወገን ነው? በር የሚገኘውስ ከየትኛው ወገን?

አንዳንዱ ሰው «ምን እናድርግ፣ አገሩ የእኛ አይደለም፤ ማን ይሰማናል?» ይላል። እዚሁ ቤሪያ ውስጥ የተፈጸሙ ሁለት ነገሮችን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የ51 ኦሊቪያ ሮድ ነገር ነው። የከተማው አስተዳደር እዚህ ሕንፃና መሐል ከተማ ሜን ስትሪት ያለ ሌላ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ከ400 በላይ ድሆችን ሕንፃዎቹ ለጤናና ለደኅንነት አስጊ ናቸው በማለት ሊያስወጣቸው ተነሣ። ነዋሪዎቹ እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2007 አስተዳደሩን «መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብለህ ከልብህ ተነጋገር» ብሎ አዘዘው። ተነጋገሩ፤ ተስማሙም። ለጊዜው ውኃ፣ መጸዳጃና የእሳት ማጥፊያ እንዲገባላቸው፣ ቆሻሻው እንዲነሣላቸው፣ ቀጥሎም እዚያው መሐል ከተማ ሌላ መጠለያ እንዲሰጣቸው ተፈራረሙ። በፌብሩዋሪ 2008 የተሰጠው ፍርድ ሰዎችን ቤት አልባ ሊያደርግ የሚችል አስተዳደር አስቀድሞ ከእነሱ ጋር መወያየት ግዴታው መሆኑን አጸና። ዛሬ በመላው ደቡብ አፍሪካ ጠበቆች ይህንን ፍርድ ይጠቅሱታል። መነሻው የእኛው ሰፈር ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስተምረናል። ሶፐር ሮድ ላይ ኪሪቢሊ የሚባል ፎቅ አለ። በ2013 ባለቤቶቹ 184 ነዋሪዎችን ለማስወጣት ፍርድ ቤት አቀረቡ። ነዋሪዎቹ ጥቂት ሰዎች መርጠው «ሄዳችሁ ቀጠሮ ጠይቁልን» ብለው ላኩ። የተላኩት ጠበቃ አልነበራቸውም። ቀጠሮ ይጠይቃሉ ሲባሉ በ184 ሰዎች ስም ለመልቀቅ ተስማምተው ተመለሱ። ፍርድ ቤቱም ተስማምተዋል ብሎ የማስወጣቱን ትእዛዝ ሰጠ። ነገሩ አራት ዓመት ፈጅቶ በጁን 2017 ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው። ያልላከው ሰው ተስማምቷል ሊባል አይችልም፤ መብቱን የማያውቅ ሰውም መስማማቱ መስማማት አይባልም፤ ዳኛም ሰውን ከቤቱ ከማስወጣቱ በፊት ወዴት ሊወድቅ እንደሆነ ራሱ መመርመር አለበት ሲል ወሰነ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ምን እንማራለን? እነዚያ ሰዎች በመጨረሻ መብታቸው ተከበረላቸው። ይሁን እንጂ አራት ዓመት ሙሉ በሥጋት የኖሩት በሌሉበት ሌላ ሰው ስለ ቤታቸው ስለተናገረ ነው። የእኛ ነገር ከዚህ በምን ይለያል? የፎቁ ነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ «የእነሱ ነገር ነው» ብለን በራችንን ዘግተን እንቀመጣለን። የትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ሱቅ አለብን እንላለን። ከዚያ ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ ክፍያ፣ ስለ ልጆቻችን ሌላው ይወስናል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን ብዙ ሰው አትርፎ ይሆናል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም ግን እነዚያው አባቶች ናቸው።

እውነት ነው፣ የምንፈራበት ምክንያት አለን። በ2008 የደረሰውን ዘረፋና ግድያ የምናስታውስ ሰዎች ነን። በሎኬሽን ሱቃቸው የተገደሉ ወንድሞቻችንን ሬሳ አገር ቤት ልከናል። በ2021 ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ቡድን ተነሥቶ የውጭ አገር ሰው በጤና ጣቢያ በር ላይ እየቆመ ሲመልስ አይተናል። ራስን መደበቅ ጥበብ የሚመስልበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ግን መደበቅ ከምን አዳነን? ለዚህም መልስ የተገኘው ወደ ፍርድ ቤት የሄዱ ሰዎች በመኖራቸው ነው። በኖቬምበር 2025 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ ቡድን መታወቂያ እንዳይጠይቅ፣ ሰውንም ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት እንዳያግድ አዟል። ፍርድ ብቻውን በር ላይ ቆሞ አይጠብቀንም፤ ያለ ፍርድ ግን የምንይዘው ምንም የለም።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንምጣ። ይህ ጸሐፊ ሕግ አዋቂ አይደለም፤ የሚከተለውን ግን ማንም ተከራይ ሊያውቀው ይገባል።

አንደኛ፣ በ1999 በወጣው የኪራይ ቤቶች ሕግ መሠረት ተከራይ ውሉ በጽሑፍ ይሁንልኝ ብሎ ከጠየቀ አከራይ እንቢ ማለት አይችልም። ለከፈለው ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ ይገባዋል። ዲፖዚት ወለድ በሚያስገኝ ሂሳብ መቀመጥ አለበት። ቤቱን ሲረከብም ሲያስረክብም ከአከራዩ ጋር አብሮ ማየት አለበት፤ ጉዳት ካልተገኘና ቀሪ ዕዳ ከሌለ ዲፖዚቱ ከነወለዱ በ7 ቀን ውስጥ ይመለስለታል። ይህን የሚጥስ ካለ የጋውቴንግ የኪራይ ቤቶች ዳኝነት ጉባኤ አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ጠበቃም አያስፈልግም። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም። የተከራይ አከራይ የሆናችሁ ወገኖችም፣ ከወገናችሁ ገንዘብ ስትቀበሉ አንዲት ፊርማ አትንፈጉት። ነገ የእሱ ልጅ ትምህርት ቤት የምትገባው በእናንተ ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 መሠረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ሰው ከመኖሪያ ቤቱ አይወጣም። ቁልፍ ለውጦ፣ በር ነቅሎ፣ ዕቃ አውጥቶ መጣል ወንጀል ነው፤ የሚያደርገው የሕንፃው ባለቤትም ይሁን የእኛው ወገን።

ሦስተኛ፣ ልጅ ወረቀት የለውም ተብሎ ከትምህርት ቤት አይመለስም። በዲሴምበር 2019 የማካንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህንን በግልጽ ወስኗል። ከዚህም በላይ በ1996 በወጣው የትምህርት ቤቶች ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር ቦርድ ውስጥ የወላጆች ቁጥር ከሌሎቹ ድምፅ ሰጪ አባላት ድምር በአንድ ይበልጣል። ወላጆች የሚመረጡት በየሦስት ዓመቱ ነው። ከእኛ መካከል ለዚህ ቦታ እጁን ያወጣ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

አራተኛውና የመጨረሻው ሕግ አያስፈልገውም። ለሞታችን እድር አለን፤ ያውም የሚያኮራ። አንድ ሰው ቢሞት በሁለት ቀን ውስጥ ሬሳ ወደ አገር ቤት የሚልክ ገንዘብ እናሰባስባለን። ለገንዘባችን እቁብ አለን። ለኑሯችን ግን ምን አለን? በየፎቁ የምንኖር ሰዎች በወር አንድ ጊዜ ብንሰበሰብና ከኮንጎውም ከዚምባብዌውም ከአገሬውም ጎረቤት ጋር አንድ ኮሚቴ ብናቆም፣ የእሳት ማጥፊያ መግዛት አያቅተንም። ደረጃውን የዘጋውን ዕቃ ማንሣት፣ በየተራ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ አያቅተንም። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ለብቻው ሲያስበው ተራራ ነው፤ ድር ቢያብር ግን አንበሳ ያስር የለ!

አገር ቤትን እርሱ አላልኩም። እኔም ሌሊት በሕልሜ የምሄደው ወደዚያው ነው። የአገር ናፍቆት ግን የልጅን መኝታ ከእሳት አያድንም፤ የኪራይ ደረሰኝም አይሆንም። አንድ ቀን የምንሄድ ከሆነም ከቤት እንደሚወጣ ሰው ዲፖዚታችንን ተቀብለን፣ ጎረቤት ተሰናብተን እንሂድ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ በትምህርት ቤት «የኔ ሰፈር» ብለሽ ሥዕል ሣይ ተብላ ፖንቴን፣ ጎጎን፣ የቆመውን ሊፍትና የቡናችንን ረከቦት ሥላ መጣች። እኔንም በበሩ አጠገብ ሥላኛለች፤ ሻንጣ ይዤ። «ለምን ሻንጣ አስያዝሽኝ?» ብላት «አባዬ፣ አንተ ሁልጊዜ ልትሄድ ነው የምትለው» አለችኝ።

በዚህ ወር የስብሰባ ጥሪ በፎቃችሁ መግቢያ ላይ ተለጥፎ ካያችሁ እባካችሁ አትለፉት። ውረዱና ቁጭ በሉ። እኔም እዚያው እገኛለሁ።

ቸር ይግጠመን።